የእንግዳ ውኃ

ሲርጋ የእጇን አቧራ ልትታጠብ የእንግዳ መታጠቢያ ክፍሉን ቧንቧ ከፈተችው። ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተፋ፣ ቀጥሎ እንደ ሽማግሌ ሳለ። ከዚያ ሻይ የመሰለ ውኃ ወረደ። እጇን ሰደደች። ውኃው ቀዝቃዛም አልነበረም፣ ሙቅም አልነበረም። የተኛ ሰው እጅ የያዘች መሰላት።

ወዲያው ዘጋችው። ትንፋሿንም ያዘች። ለምን እንደያዘች የገባት ከክፍሉ ወጥታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው። ግድግዳውን ተደገፈች። ግድግዳውም ለብ ብሏል። አክስቷን ቡሩልን አሰበች።

ክፍሉን የሠራው አባቷ ሳዲርኩል ነው። ሥራው ብየዳ ነው። በኢሲክ ኩል ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ ባሉት መንደሮች የእሱ እጅ ያልነካው የብረት በር ጥቂት ነው። ጣሪያው ላይ የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ ሰቀለ፣ ከጣሪያው እስከ እንግዳ ክፍል ቧንቧ ዘረጋ፣ ግድግዳውን ሰማያዊ ሴራሚክ አለበሰው። በበረዶ ወራት የጎረቤቱ ቧንቧ ሁሉ በውርጭ ሲፈነዳ የእሱ አልፈነዳም። በትልቁ ምድጃ ጀርባ አሳልፎት ነበርና። ምድጃው እስከ ጸደይ አይጠፋም፤ ቧንቧውም አይቀዘቅዝም። ወደ ቤቱ የመጣን ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይዞ የሚሄደው ወደዚያ ምድጃ ነው። «እጅህን እዚህ ጋ አድርግ» ይለዋል።

ቤተሰቡ ግን በዚያ ክፍል ታጥቦ አያውቅም። እነሱ የሚታጠቡት ግቢው ጥግ ባለችው አሮጌ መታጠቢያ ቤት ነው። እንጨት ይማገዳል፣ ውኃ በበርሜል ይፈላል፣ ከቀዝቃዛ ጋር ተበርዞ በጣሳ እየተቀዳ ይፈሳል። ግድግዳዋ ጥቀርሻ የጠገበ ነው። አዲሱ ክፍል የእንግዳ ነው። አዲሱ ፍራሽ የእንግዳ እንደሆነ፣ የወርቅ ጠርዝ ያለው ስኒ የእንግዳ እንደሆነ። የትም ቤት እንዲሁ ነው። ጥሩውን ነገር ባለቤቱ ከነካው ለእንግዳ ምን ይቀራል?

የመጨረሻዎቹ እንግዶች የሄዱት ፖም ሲለቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ፣ የበረዶውን ወራት ሙሉ፣ ያን ቧንቧ የከፈተ የለም።

አክስቷ ቡሩል ያለፈውን በጋ ከሐይቁ ማዶ ባለ ትልቅ የማረፊያ ቤት አንሶላ ስታጥብ ነበር። አንድ ሳምንት ላይ የማረፊያ ቤቱ ሰዎች ያተኩሳቸውና ያስላቸው ጀመር። ሁለት አዛውንቶች ወደ ቤታቸው በሕይወት አልተመለሱም። ቡሩልም ተኛች። አፍና አፍንጫዋ ላይ ጭምብል ተደርጎላት ስትተነፍስ ሲርጋ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ ታያት ነበር። የጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሆነች ሴት መጥታ ለታመሙት የልብስ አጣቢዎች ነገሩን ስታስረዳ የሰማችውም እዚያው ሆና ነው።

ሊጅዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው አለች ሴትየዋ። ለብ ባለና በቆመ ውኃ ውስጥ ይራባል። የሚይዘው በመጠጣት አይደለም፤ ሻወር ሲከፈት በሚነሳው ጉም ተሳፍሮ ሳንባ ይገባል። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ወጣትና ጤነኛ ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ሽማግሌ፣ ሲጋራ ያጨሰና ሳንባው የደከመ ሰው ግን ይቸገራል። ቡሩል ተረፈች። ደረጃ ስትወጣ ግን አሁንም መሃል ላይ ቆማ እይታ የሚያደንቅ ሰው ትመስላለች።

የቡሩል ሳንባ ደህና ሳንባ ነበር። ዛሬ የሚመጡት እንግዳ ግን ኦሞር ኡስታ ናቸው። ኡስታ የሚባለው እጀ ብልህ የሆነ መምህር ነው። አባቷን ብየዳ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የብረት ጭስ ሲስቡ ኖረዋል። ደቀ መዝሙራቸው የሠራውን ሊያዩ ከቢሽኬክ በሚኒባስ ይመጣሉ። ከመንገድ ሲደርሱ ደግሞ መጀመሪያ በአዲሱ ክፍል ይታጠባሉ። አባቷ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራ የከረመው ይህንን ነው።

ሲርጋ ወደ ግቢ ወጣች። የቡሩል ልጅ ጃዝጉል ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። ከሲርጋ በሁለት ዓመት ትበልጣለች፤ ምላሷ ግን በአሥር።

«ምን ሆንሽ? ተኩላ ያየች በግ መሰልሽ» አለቻት።

ሲርጋ ነገረቻት። ጃዝጉል ቢላዋዋን አስቀመጠች። የእናቷ ነገር ሲነሳ ቀልድ አይመጣላትም። «ለአባትሽ ንገሪው እንዳልልሽ፣ አጎቴ ቧንቧው ላይ ክፉ ከሚነገረው ጥርሱ ቢነቀል ይመርጣል» አለች።

ሲርጋ ግን ሄደች። አባቷ ፖም ዛፉ ላይ በሰቀለው ትንሽ መስታወት ፊቱን ይላጫል። አንዱ ጉንጩ በሳሙና ነጭ እንደሆነ ቆሞ ሰማት። የማረፊያ ቤቱ ቧንቧ እሱ ሳይወለድ የተቀበረ ዝገት ነው አላት። የእሱ አዲስ ነው፤ በገዛ እጁ የበየደው ነው። ውኃ ደግሞ ሲሮጥ ይጠራል፤ ትንሽ ይፍሰስና ያበቃል። ሲርጋ ሲፈስ እኮ ጉም አለው አለች። ከዚያም ግድግዳው እንደሞቀ ነገረችው። አባቷ ምላጩን ከጉንጩ አነሳ።

«ግድግዳው የሞቀው እኔ ስላሞቅሁት ነው» አለ። «የሰው ሁሉ ሲፈነዳ የኔ ያልፈነዳው በምን ይመስልሻል? ዛሬ በኡስታዬ ፊት ይህን ወሬ እንዳልሰማ።»

ወደ መስታወቱ ዞረ። ምላጩ አገጩን ትንሽ ቆረጠው። ደሙን በአውራ ጣቱ ጠረገና ቀጠለ።

ጃዝጉል ሽንኩርቱን ጨርሳለች። የሲርጋን ፊት አይታ ምን እንደተባለች አልጠየቀችም። ወደ ዕቃ ቤቱ በአገጯ አመለከተች። ወደ እንግዳ ክፍል የሚሄደው ውኃ የሚዘጋው እዚያ ነው።

«ዝጊው» አለች። «ውኃ እምቢ አለ ይባላል፤ አለቀ። ምን ታካብጃለሽ?»

«አባዬ ያፍራላ። በኡስታው ፊት።»

«ከሬሳ ሼም ይሻላል። እናቴን ጠይቂያት።»

መዝጊያው አባቷ ራሱ የቀጠቀጠው ትልቅ ብረት ነበር። ሲርጋ ሁለት እግሯን ግድግዳው ላይ ተክላ ጎተተችው። እንደማይዞር ሆነ፤ ከዚያ ዞረ። እጇ ላይ ቀይ መስመር ቀረ። ከዕቃ ቤቱ ስትወጣ የሚኒባሱ ጡሩምባ ተሰማ።

ኦሞር ኡስታ ረጅም ሰው ናቸው፤ ዕድሜ ግን መሃል ላይ አጥፏቸዋል። ነጭ የሱፍ ባርኔጣቸው በአቧራ ደፍርሷል። ከመኪናው ወርደው በሩን ከመያዛቸው በፊት ሳሉ። ሳላቸው ጥልቅ ነበር፤ ሲጨርሱ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አባቷ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ፤ እንደ ልጅ አንገቱን ሰበረ። ሲርጋ አባቷን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

በእንግዳ እጅ ላይ ውኃ የሚያፈሰው የቤቱ ትንሽ ነው። ሲርጋ የመዳብ ማንቆርቆሪያውን አምጥታ አፈሰሰች። ሽማግሌው ጣቶቻቸውን እያሹ ታጠቡ። የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለው ጠባሳ በእጃቸው ላይ እንደ ምስር ተበትኗል።

«ግማሹን ውኃ ከእጄ ውጭ አፈሰስሽው» አሉ። «ማንቆርቆሪያው ከብዶሽ ነው?»

«አይ፣ አልከበደኝም።»

አዩዋት፤ አልመረመሯትም። ውኃ እንደሰጠሽኝ ዕድሜ ይስጥሽ ብለው መረቁና ፎጣውን ተቀበሉ።

አባቷ እስኪያርፉ እንኳ አልጠበቀም። በሩን አሳያቸው፣ የደረጃውን መደገፊያ አሳያቸው፣ ጣሪያውን ከታች ሆኖ አሳያቸው። ኡስታው አይናገሩም። የተበየደበት ቦታ ሲደርሱ አውራ ጣታቸውን ያሳልፉበታል፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ሲርጋና ጃዝጉል ከኋላ ይከተላሉ። ምድጃው ጋ ሲደርሱ አባቷ የበረዶውን ወራት ነገር ተረከላቸው። ሽማግሌው መዳፋቸውን ቧንቧው ላይ አድርገው ረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ይህን እኔ አላስተማርኩህም» አሉ።

«አላስተማሩኝም። ከራሴ ነው።»

«እንግዲያው እጅህ እጄን አለፈው። ጥሩ ነው። አንድ እንኳ ሰው ካላለፈኝ በከንቱ ነበር የደከምኩት።»

አባቷ ጆሮው ድረስ ቀላ። ሲርጋ የዚህ ሰው ልጅ መሆኗን መንደሩ ሁሉ ቢሰማ በወደደች። ወዲያው ደግሞ መዝጊያው ትዝ አላት።

አባቷ የእንግዳ ክፍሉን በር ከፈተ። ሰማያዊው ሴራሚክ ብርሃን ሞላው። አዲስ ፎጣ ተሰቅሏል። አባቷ እንደ ድግስ ጠሪ እጁን ዘርግቶ ሻወሩን ከፈተው።

ምንም አልወረደም።

ፈገግ አለ። ዘግቶ እንደገና ከፈተው። የእጅ መታጠቢያውን ሞከረ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ፣ ዓይኑ ግን ትቶት ሄደ። በአዲሱ ሱሪው ሴራሚኩ ላይ ተንበርክኮ ጆሮውን ቧንቧው ላይ ደገፈ። የሠራውን ሁሉ በሐሳቡ እየፈታ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳተ እየፈለገ እንደሆነ ከጀርባው ይታወቅ ነበር። «ትናንት ደህና ነበር» አለ ለማንም ሳይሆን። ትናንት እንዳልከፈተው ሲርጋ ታውቃለች። ኦሞር ኡስታ ምንም እንዳላዩ ሆነው በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ይመለከታሉ። ከሁሉ የከፋው ይህ ነበር።

በሩ ላይ የቆመችው ጃዝጉል ከንፈሯን ነክሳ ዓይኗን አጠበበች። ዝም በይ ማለቷ ነው። ዝም ቢባል ነገሩ ያልፋል። ሽማግሌው አይታጠቡም፤ አባቷ ግን ዕድሜ ልኩን ይህን ቀን እንደያዘ ይኖራል። ነገ ደግሞ መዝጊያውን ያገኘዋል፤ ይከፍተዋል፤ ሌላ እንግዳ ይመጣል።

«አባዬ፣ ተነስ» አለች ሲርጋ። «ቧንቧህ ምንም አልሆነም። የዘጋሁት እኔ ነኝ።»

አባቷ ተነሳ። ጉልበቱን አራገፈ። የጠየቁት ኡስታው ናቸው።

«ለምን?»

ለእሳቸው ነገረቻቸው፤ የምታየው ግን አባቷን ነበር። የቡሩልን ሕመም፣ የማረፊያ ቤቱን ሁለት ሟቾች፣ ከምድጃው ጀርባ ከፖም ለቀማ ወዲህ ለብ ብሎ የተኛውን ውኃ፣ ዛሬ ጠዋት የወረደውን ሻይ መሰል ነገር፤ አንዱንም አላስቀረችም። ለአባቷ ነግራው እንደነበር ግን አልተናገረችም። እሱም ይህን አስተዋለ። ፊቱን አዞረ።

ሽማግሌው ክፍሉ ውስጥ ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጡ። እንዲህ ያለ በሽታ ሰምቼ አላውቅም አሉ። ምን እንደሚፈራ ጠየቋት። በጣም የጋለ ውኃ ይፈራል አለች። ሌላስ? በየጊዜው የሚከፈት ቧንቧ። ማንን እንደሚጥል ጠየቋት። ዓይኗ ደረታቸው ላይ አረፈ።

«ገባኝ» አሉ። ሳሉና አፋቸውን ጠረጉ። «ሳዲርኩል፣ ብየዳህ እንከን የለውም። የጎደለህ ታጣቢ ነው።»

አባቷ ወጣ። እናቷ ከማድ ቤት በር ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታ ኖሯል፤ መዳፏ አፏ ላይ ነው። ጥቂት ቆይቶ ከግቢው የመጥረቢያ ድምፅ ተሰማ። ኃይለኛ ነበር።

«ምን እየፈለጠ ነው?» አለች ጃዝጉል በሹክሹክታ። «የኛን አንገት እንዳይሆን ብቻ።»

ሲርጋ በመስኮት አየች። ከአሮጌዋ መታጠቢያ ቤት ጭስ ማውጫ ጭስ ወጣ። እንግዳ ሲመጣ አባቷ እንዳትታይ የልብስ ማስጫ ገመድ ከፊቷ የሚዘረጋባት ቤት ነች። ገመዱ አሁን ተበጥሶ መሬት ላይ ተኝቷል። አባቷ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ግንባሩ ላይ ጥቀርሻ ይዞ ተመለሰ።

«ኡስታ፣ ውኃው እየፈላ ነው» አለ። «ቤቷ ጥቁር ናት። አባቴ የሠራት ናት። ካልናቋት እኔው አጥብዎታለሁ።»

«ብንቃትስ ሳልታጠብ ልበላ ነው?» አሉ ኦሞር ኡስታ፤ ምርኩዛቸውንም ይዘው ተነሱ።

እሳቱ ለሽማግሌ ተመጥኖ ነበር። ሁለቱ ሲወጡ ፊታቸው እንደ ሕፃን ቀልቷል። አባቷ የሽማግሌውን ባርኔጣ በእጁ ይዞ ይከተላል። ውስጥ ምን እንደተነጋገሩ ማንም አልሰማም።

ለራት የበጉ ጭንቅላት በትልቁ እንግዳ ፊት ቀረበ። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል፤ ጆሮው ተቆርጦ ለቤቱ ትንሽ ይሰጣል። ታላላቆችህን ስማ ማለት ነው። ሲርጋ ሕፃን ሳለች ጀምሮ ስንት ጆሮ እንደበላች አታስታውሰውም። ኡስታው በቢላዋቸው አንዱን ጆሮ ቆርጠው ሰጧት።

«አንቺስ ከፊትም ሰምተሻል» አሉ። «ቢሆንም ብዪ።»

ከዚያ ሁሉም ሥጋውን ያከፋፍላሉ ብሎ ሲጠብቅ ሁለተኛውን ጆሮ ቆረጡ። ወደ ሳዲርኩል ዘረጉት። ፀጉሩ ከጎን የሸበተ ሰው ነው፤ የልጅ ድርሻ በአደባባይ ሲሰጠው ያየ የለም። እናቷ ዓይኗን ወደ ሳህኑ ሰበረች። አባቷ ጆሮውን በሁለት እጁ ተቀበለ፣ አየው፣ ጎረሰው። ብዙ አኘከ።

«ጠንካራ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ከተዋጠ በኋላ ደህና ነው» አሉ ኡስታው።

መጀመሪያ የሳቀው አባቷ ነው። ከዚያ ጃዝጉል፣ ከዚያ ቤቱ ሁሉ። ሳቁ ሲበርድ አባቷ ወደ ሲርጋ ሳያይ ለኡስታው፣ «መዝጊያውን ያለ መፍቻ ነው የዘጋችው» አላቸው። «እኔ ራሴ ያለ መፍቻ አልችለውም።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲርጋ ቀይ መስመር የቀረበትን መዳፏን ከጠረጴዛው ሥር ጨበጠችው።

ኦሞር ኡስታ ከሄዱ በኋላ አባቷ ሥራ ጀመረ። ቧንቧውን ከምድጃው ጀርባ ነቀለው። በሌላ ግድግዳ አሳለፈና ውርጭ ሲመጣ ውኃው ሁሉ ፈስሶ የሚያልቅበት መክፈቻ ከታች አበጀለት። ማሞቂያው ውስጥ የኤሌክትሪክ ማጋያ ጨመረ፤ ፀሐይ ብቻዋን ትበቃለች ብሎ የተከራከረበት ነገር ነበር። ውኃው እጅ የማያስነካ ሲሆን መስኮቱን ከፍቶ፣ ሰው ሁሉ እንዲርቅ አዝዞ፣ አፍና አፍንጫውን ሸፍኖ ቧንቧዎቹን ሁሉ ለቀቃቸው። የሻወሩን ወንፊት ፈታው። እናቷ በኮምጣጤ ስትቀቅለው ንፍጥ የመሰለ ነገር ወጣው። የጤና ጽሕፈት ቤቷን ሴት ራሱ ሄዶ ጠራት፤ ውኃውን በጠርሙስ ወስዳ አስመረመረችና አሁን ደህና ነው አለች።

ከዚያ አባቷ መሣሪያውን ተሸክሞ በመንደሩ ዞረ። የእሱን ብልሃት አይተው ቧንቧቸውን በምድጃ ጀርባ ያሳለፉ ሦስት ቤቶች ነበሩ። በየበሩ ቆሞ፣ ያሳየኋችሁ ነገር ስህተት ነበረበት፣ ልንቀልላችሁ መጣሁ አላቸው። ሲርጋ መፍቻ እያቀበለች አብራው ነበረች። አንገቱን አልደፋም። እሷም አልደፋችም።

በሳምንቱ መጨረሻ እናቷ የእንግዳ ክፍሉን ወለል ወለወለች። አዲሱን ነጭ ፎጣ ሰቀለች። በሩን ዘጋችና፣ «እንግዲህ እንግዳ እስኪመጣ» አለች።

ሲርጋ በተዘጋው በር ፊት ቆየች። ከዚያ ወደ ክፍሏ ሄዳ የራሷን ፎጣ አመጣች። ቀለሙ የለቀቀ፣ አንድ ወቅት ጥጃ ጠርዙን ያኘከው ፎጣ ነው። በሩን ከፈተች። አባቷ እንደ በግ ቀንድ ጠምዝዞ የሠራቸው ሦስት መስቀያዎች ግድግዳው ላይ አሉ። የእንግዳው ነጭ ፎጣ መሃሉ ላይ ነው፤ አልነካችውም። የእሷን በግራ በኩል ሰቀለች። በቀኝ በኩል ያለው ባዶ ቀረ።

መስኮቱን ከፈተች፤ ቧንቧውንም ከፈተችው። ውኃው ጥርት ብሎ ወረደ። ለብ አለ፣ ሞቀ፣ ከዚያ ጋለ። እጇን ሰብስባ ወደ ግቢው አንገቷን አወጣች።

«አባዬ፣ ውኃው ደርሷል። ያንተንም ፎጣ ላምጣው?»

የመዶሻው ድምፅ ቆመ።